የጄኔሬተር ጨረታ ላይ ምን ብዬ ልሙላ?

ኮምቦልቻ ውስጥ የኤሌክትሮ መካኒካል ዕቃ አቅራቢ ነኝ። ደሴ ያለ አንድ የመንግሥት ኮሌጅ የሕንጻውን አሮጌ ጄኔሬተር ለመቀየር ጨረታ አውጥቷል። ሰነዱ «100 ኬቪኤ» (የጄኔሬተሩ የኃይል መጠን) ይላል፤ በስንት ሜትር ከፍታ እንደሆነ ግን አይናገርም። ደሴ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል።

አንድ የአዲስ አበባ አስመጪ ሰሌዳው ላይ 100 የተጻፈበትን በጥሩ ዋጋ ሰጥቶኛል። እሱን ባስገባ ርክክብ ላይ በሙሉ ጭነት ሲፈተሽ መውደቁ ነው። ጉልበቱ ከፍ ያለውን ካስገባሁ በዋጋ እበለጣለሁ፤ መቼም የሚያሸንፈው ርካሹ ነው። በጽሑፍ ማብራሪያ ብጠይቅ «እንደ ሰነዱ ይሙሉ» የሚል አንድ መስመር መለሱልኝ።

ለጨረታ ማስከበሪያ የሚሆነው ሲፒኦ (የባንክ ክፍያ ማዘዣ) ተሠርቷል፤ የቀረው የቴክኒክ ፖስታውን ማሸግ ነው። እንዲህ ዓይነት ጨረታ የሞላችሁ፣ የከፍታውን ነገር ከውድድር ሳልወጣ ሰነዱ ላይ እንዴት ላስፍረው?