ክሮም፣ ሞሊብዲነም፣ ቴፍሎን ወይስ ወርቃማው ፑንታ? የቱ ለየትኛው ዕቃ

የኤክስካቫተር የሃይድሮሊክ ዘንግ ተጭሮ ዘይት ማንጠባጠብ ከጀመረ የእኔ ጥቆማ አሁንም ሃርድ ክሮም ነው፤ ዘንጉ በኤሌክትሪክ ተነክሮ ጠንካራ የክሮም ልባስ ይለብሳል ማለት ነው። ግን የሚነክረውን ቤት መርጣችሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ዘንግ ለአንድ ቤት ሰጥቼ መስታወት መስሎ መጣልኝ፤ ሦስት ወር ሳይሞላው ተላጠ። ጥፍሬን ሳሳልፍበት ጠርዙ ይይዘኛል፣ አዲሱን ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን ጎማ) እንደ ምላጭ ሸረካክቶታል። ለካ አሮጌውን ክሮም ሳያነሱ ነው ከላይ የደረቡበት! አንጀቴ ነው ያረረው።

ስለዚህ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። አሮጌው ሙሉ በሙሉ ይነሳል ወይ? ከተነከረ በኋላስ በግራይንደር ልኩ ላይ ይመለሳል ወይ? የክሮሙ ውፍረትስ ስንት ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ነው? ለዘንግ ከ20 እስከ 30 ማይክሮን የተለመደ ነው፣ ጭረቱ ጥልቅ ከሆነ ግን ያ አይሸፍነውም። በጣም ጠንካራ ብረት ከሆነ ደግሞ እንደተነከረ 190 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት መጋገር አለበት፤ ሲነከር የገባው ሃይድሮጅን ውስጡ ከቀረ ብረቱ ሳይታሰብ ይሰነጠቃል። ይህን ስትጠይቁ የሚያድበሰብስ ቤት ካጋጠማችሁ ዘንጋችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ለባልዲው ፒንና ቡሽ (ለመጋጠሚያው ብረትና ለሚዞርበት ቀለበት) ክሮም አያስፈልግም። ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ያለበት ጥቁር ግራሶ ግዙ። ጫና በበዛበት፣ እንቅስቃሴው በዘገየበት ቦታ ግራሶው ተጨምቆ ቢወጣ እንኳ ሞሊብዲነሙ ብረቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

ቴፍሎን በደንብ ያንሸራትታል፣ ግን ለስላሳ ነው። አሸዋና አቧራ ያለበት ሳይት ላይ ቶሎ ያልቃል፣ ከ260 ዲግሪ በላይም አይችልም። ለማሽን አልመክረውም።

መርካቶ ስለሚሸጠው ወርቃማ ፑንታ (የድሪል መብሻ) ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ትክክለኛው ልባስ ቲታኒየም ናይትራይድ ይባላል። ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው፣ ጥንካሬው ግን ከሃርድ ክሮም ከእጥፍ ይበልጣል። ችግሩ ከሥሩ ያለው ብረት ለስላሳ ከሆነ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰበራል። ስለዚህ በቀለሙ አትግዙ፤ ከሚታወቅ ብራንድ ቀለም የሌለው ጥሩ ኤችኤስኤስ (ሃይ ስፒድ ስቲል የሚባለው ጠንካራ የመሣሪያ ብረት) ፑንታ ከርካሹ ወርቃማ ይሻላል።

እና ዘንግ ስታስነክሩ ሲሉን አብራችሁ ቀይሩ። አሮጌው ሲል ውስጥ የተቀረቀረ የክሮም ፍርፋሪ አዲሱን ዘንግ መልሶ ይጭረዋል።