ጥቆማ፦ ጥንታዊ መልክ ያላቸው የውኃ ዳር ማረፊያዎች ለወሎ መንገደኞች

ሙሽሮችን ለመላክም ሆነ ከውጭ አገር የሚመጡ ዘመዶችን ለማሳረፍ፣ በአገር ባህል የተሠራ፣ ውኃ ዳር ያለና ደረጃው ከፍ ያለ ሆቴል የሚጠቁም ሰው ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ዘወትር ይፈለጋል። ሦስቱ ነገሮች አንድ ቦታ ላይ ተገጣጥመው የሚገኙት በጣም አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ከሦስቱ የትኛውን እንደምታስቀድሙ ለራሳችሁ ወስኑ። የእኔ ጥቆማ ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ ውኃውን የሚያስቀድም ሰው ከደሴ ብዙም በማይርቀው በሎጎ ሐይቅ ዳር ይደር፤ የጥንቱን የቤት አሠራር የሚያስቀድም ወደ ላሊበላ ይውጣ፤ ምቾቱን የሚያስቀድም ባሕር ዳር ጣና ዳር ወዳለው ኩሪፍቱ ሪዞርት ይሂድ፤ ሩቅ መንገድ የማይከብደው ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወዳለው ዳውሮ ድረስ ወርዶ ሐላላ ኬላ የተባለውን ማረፊያ ይይ።

ከቅርቡ ልጀምር። ሐይቅ ከተማ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ስትሆን፣ የሎጎ ሐይቅ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ተዘርግቷል። በከተማው በኩል ባለው ዳርቻ የሚገኙ ማረፊያዎች ፊታቸው ወደ ምሥራቅ ነውና የሚሰጡት ትልቁ ስጦታ ማለዳው ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ከማዶው ኮረብታ ብቅ ስትል ውኃው ገና ነፋስ ስለማይነካው ጸጥ ብሎ ይቆያል፤ በዚያ ሰዓት በረንዳ ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ መቀመጥ ብቻውን ለአንድ ሌሊት አዳር የተከፈለውን ገንዘብ ያካክሳል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣና ብርሃኑ ከጀርባ ሲመጣ ግን ያው ሐይቅ ሌላ መልክ ይይዛል። ስለዚህ ደሴ አድረው እኩለ ቀን ላይ ለምሳ ብቻ ብቅ የሚሉ ሰዎች የሐይቁን ምርጥ ሰዓት ሳያዩት ይመለሳሉ። ምንም እንኳ ደሴ ውስጥ የተሻለ አልጋና የማይቋረጥ ሙቅ ውኃ ማግኘት ቢቻልም፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት ዳርቻው ላይ እንድታድሩ የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው። የቅንጦት ሆቴል አገልግሎት ጠብቆ የሚሄድ ሰው ግን ቅር ይለዋልና ይህን ለዘመዶቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ከዳርቻው የሚታየው በደን የተሸፈነ ምድር የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። ቀድሞ ደሴት የነበረው ይህ ስፍራ ዛሬ ከየብስ ጋር የተገናኘ ሲሆን፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ መጥተው ትምህርት ቤት ካቋቋሙበት ጊዜ ጀምሮ የአገሪቱ ታላላቅ መነኮሳት የተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተቀመጡበት ቦታ ነው። ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም። ባልና ሚስት አብረው የሚጓዙ ከሆነ ይህን በሩ ላይ ደርሰው ከሚሰሙት ቀድመው ቢያውቁትና ለሚስቲቱ የጀልባ ሽርሽር ወይም ሌላ ፕሮግራም ቢያዘጋጁላት መልካም ነው።

ወደ ቤቱ አሠራር ልመለስ፤ ምክንያቱም ገንዘብ ከፍለው የሚያዝኑ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያዝኑት በዚህ ነው። «ባህላዊ» የሚል ታፔላ የተሰቀለበት ማረፊያ ሁሉ ባህላዊ አይደለም። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የውኃ ዳር ማረፊያ ያየሁትን ላስረዳ። ከውጭ ሲታይ ክብ የድንጋይ ጎጆ ነው፤ በበሩ ጠርዝ በኩል ሲያዩት ግን ድንጋዩ በብሎኬት ግድግዳ ላይ በሲሚንቶ የተለጠፈ ስስ ሽፋን መሆኑ ይታወቃል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ቀን የፀሐዩን ሙቀት፣ ሌሊት ደግሞ የጎረቤትን ወሬ ያስገባል። ከሁሉ የከፋው መስኮቱ ነበር፤ ወደ ሐይቁ ቢከፈትም ከፍ ብሎ ስለተሠራ አልጋው ላይ የተኛም ሆነ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያየው ሰማዩን ብቻ ነው። ውኃውን ለማየት መቆም ግድ ይላል። እንግዳው ወደዚያ የሄደው ለውኃው ሆኖ ሳለ የመስኮቱን ከፍታ ለአናጺው እንደ ልማዱ መተው ትልቅ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ።

እውነተኛው አሠራር ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው ላሊበላ ወደሚገኝበት ላስታ ይሂድ። በላሊበላ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ተጠብቀው የቆዩት ባለ ሁለት ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤቶች ከቀይ ድንጋይ የተሠሩ፣ ግድግዳቸው የክንድ ያህል የሚወፍር፣ ታችኛው ክፍላቸው ለከብት ወይም ለዕቃ፣ ላይኛው ለሰው መኖሪያ የነበሩ ናቸው። ወፍራሙ ድንጋይ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ቀስ እያለ ማታ ስለሚለቅ፣ ለደጋው ብርድ ከማንኛውም ማሞቂያ የበለጠ የተስማማ ነው። መስኮቱ ከውጭ ጠባብ ሆኖ ወደ ውስጥ እየሰፋ ሲሄድ ትንሽ ብርሃን ክፍሉን በሙሉ ያዳርሳል፤ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ የሚፈጠረው ቦታ ደግሞ እንደ መደብ ሆኖ ሰው ይቀመጥበታል። ላሊበላ ውስጥ ይህን መልክ ተከትለው የተሠሩ ማረፊያዎች አሉ፤ ውኃ ግን የለም፣ ፊት ለፊት የሚታየው ገደልና ሸለቆ ነው። እኔ ግን ሐይቅ ዳር ከተለጠፈ ድንጋይ ይልቅ ላስታ ውስጥ ከተካበ ድንጋይ ሥር ማደርን እመርጣለሁ፤ የቤት አሠራር የሚማርካቸው እንግዶች ካሏችሁም ያለ ማመንታት ወደዚያው ውሰዷቸው።

ባሕር ዳር ለወሎ ሰው ሩቅ ነው፤ ከደሴ በወልድያ፣ በጋሸናና በደብረ ታቦር ዞሮ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ሆኖም አገልግሎቱን ላስቀደመ ሰው ኩሪፍቱ የሚወዳደረው የለም ብዬ እጠቁማለሁ። ድንጋይና እንጨት በብዛት የተጠቀመ፣ መዋኛ ገንዳው ከጣና አጠገብ የሆነ፣ ሠራተኞቹም እንግዳ መቀበልን ሠልጥነው የያዙ ስለሆነ፣ አዛውንት ወላጆችን ወይም ሕፃናትን ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ጭንቀት የለበትም። የቤቱ አሠራር የጎንደር ነው ወይስ የሸዋ ብሎ ለሚጠይቅ ግን መልሱ ግልጽ አይሆንለትም፤ ለዓይን የሚስማማ ዘመናዊ ሪዞርት ነው፣ በዚያ መልክ ሊወሰድ ይገባል።

ሐላላ ኬላ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከተሠሩት ማረፊያዎች አንዱ ሲሆን፣ ስሙን የወሰደው ዳውሮዎች በንጉሥ ሐላላ ዘመን ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ክበው ካቆሙት ረጅም የመከላከያ ካብ ነው። ማረፊያው ከጊቤ ሦስት ግድብ ከተጠራቀመው ውኃ ዳር የተሠራ ሲሆን የድንጋይ አሠራሩም ከዚያው አገር ካብ ጋር የተዛመደ ነው። ከወሎ ተነሥቶ አዲስ አበባን አልፎ እስከዚያ መድረስ ድካም ቢኖረውም፣ አንድ ማረፊያ የቆመበትን ምድር ታሪክ ለግድግዳው መነሻ ሲያደርግ ምን እንደሚመስል ለማየት ከአገራችን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ውጭ አገር ለመሄድ አቅሙ ያላቸው ሁለት ስሞችን ይያዙ። አንደኛው አስዋን ላይ ዓባይ ዳር በግራናይት ድንጋይ አናት ላይ በ1899 እ.ኤ.አ. የተሠራው ኦልድ ካታራክት ነው፤ ሁለተኛው ሕንድ ውስጥ በኡዳይፑር ከተማ በፒቾላ ሐይቅ መካከል በ1746 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀውና ከመኖሪያ ቤተ መንግሥትነት ወደ ሆቴልነት የተለወጠው ሌክ ፓላስ ነው። ኡዳይፑር ላይ እንግዳው ሆቴሉ የሚደርሰው በጀልባ ብቻ ነውና፣ ክፍሉን ከማየቱ በፊት ውኃው ራሱ ተቀብሎታል። ይህን የምጠቅሰው ለሀብታም ተጓዦች ብቻ ብዬ አይደለም፤ ሐይቅ ዳር መሬት ወስደው ለመሥራት የሚያስቡ ወገኖች እንግዳው ከመኪና ወርዶ በመጀመሪያ የሚያየው ነገር ምን እንደሚሆን እንዲያስቡበት ብዬ ነው። በብዙ ማረፊያዎቻችን እንግዳው በመጀመሪያ የሚያየው የመኪና ማቆሚያውንና ጄኔሬተሩን ነው፤ ሐይቁን የሚያገኘው ቁልፍ ተቀብሎ፣ ሻንጣውን አስቀምጦ፣ ዞሮ ሲወጣ ነው።

ወሎ ውስጥ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ሆቴል ቢሠራ ከውጭ የሚቀዳው ነገር ጥቂት መሆን አለበት። የላስታው ግድግዳ አለን። ለትልቅ የምግብ አዳራሽ ደግሞ ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የአይጠየፍ የግብር አዳራሽ አለን፤ ብዙ ሕዝብ በአንድ ጣራ ሥር የማስተናገድን ጥበብ ከዚያ መማር ይቻላል። ለወለሉ በአገራችን በግ ጠጉር የሚሠራው ምንጣፍ፣ ለአልጋው ባና፣ ለግድግዳው ከአክርማ የተሰፋ ስፌት ይበቃል። ማታ ማታ ከድምፅ ማጉያ ከሚለቀቀው ሙዚቃ ይልቅ አንድ መሰንቆ የያዘ ሰው ቢቀመጥና የአምባሰልን ቅኝት በተወለደበት አገር ቢጫወተው፣ እንግዳው ከሐይቁ ጋር የሚያስታውሰው ነገር ይሆናል።

ስለ ወጥ ቤቱ ለብቻው ልናገር፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ጉዳይ ነውና። የወሎ እንግዳ ተቀባይ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን ባንድ ቀን ያስተናግዳል፤ ሥጋው ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ እውነተኛ የወሎ ሆቴል ሲነደፍ ከመጀመሪያው ሁለት ወጥ ቤት፣ ሁለት የዕቃ ማጠቢያና ሁለት የሥጋ ማቀዝቀዣ ሊኖረው፣ መመገቢያው ግን አንድ ሊሆን ይገባል። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ክርስቲያን አማትና ሙስሊም ምራት ተቀምጠው በአንድ ጠረጴዛ ሲበሉ ማየት በአገራችን የተለመደ ስለሆነ፣ ሁለቱን በተለያየ አዳራሽ የሚያስቀምጥ ሆቴል የአካባቢውን ባህል አላወቀም። አሁን ባሉት ማረፊያዎች ስታርፉ ዓሣ ማዘዝ ይህን ችግር ያቀልላል። የሎጎ ሐይቅ ቆሮሶ ትኩስ ሆኖ ሲጠበስ ሁለቱም ወገን ይበላዋል። በረመዳን የምትሄዱ ከሆነ ሱሑር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እንደሚቀርብ፣ በዐቢይ ጾም የምትሄዱ ደግሞ የጾም ምግብ ከሽሮ ያለፈ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

አንድ ከበድ ያለ ጉዳይ ደግሞ አለ። የሎጎ ሐይቅ ከላይኛው ከሐርዲቦ ሐይቅ በአንከርካ ወንዝ ውኃ ቢቀበልም፣ ከራሱ የሚወጣ ወንዝ የለውም። መውጫ የሌለው ሐይቅ የገባበትን ቆሻሻ ይዞ ስለሚቀር፣ በዳርቻው የሚሠራ ማንኛውም ማረፊያ የፍሳሹን ነገር በዋዛ ሊያየው አይገባም። እንግዶችም ይህን የመጠየቅ መብት አላችሁ። ሴፕቲክ ታንከሩ የት እንደተቆፈረ፣ ከውኃው ምን ያህል እንደራቀና የልብስ ማጠቢያው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁ፤ መልስ የሌለው ባለቤት መልስ የሚያዘጋጀው ጠያቂ ሲበዛበት ነው። ሐይቁ በአንዳንድ ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ስላለው፣ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ጀልባው ላይ የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን ሳታዩ አትሳፈሩ።

ስልክ ስትደውሉ ክፍሉ ወደ ሐይቁ የሚያይ መሆኑን ብቻ ጠይቃችሁ አትተዉ፤ «ተቀምጬ ውኃው ይታየኛል ወይ?» በሉ። ጣራው ምን እንደሆነም ጠይቁ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሲበረታ ባዶ ቆርቆሮ ጣራ እንቅልፍ አያስተኛም፤ ሣር ብቻ የሆነውም ካልታደሰ ያፈስሳል። ከሥር ቆርቆሮ፣ ከላይ ሣር የተከደነው ሁለቱንም ችግር ያቃልላል። የተነገራችሁ ዋጋ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን፣ የአገልግሎት ክፍያንና ቁርስን ያካተተ መሆኑን በስልክ ከተስማማችሁ በኋላ በጽሑፍ መልእክት እንዲያረጋግጡላችሁ አድርጉ። በአውሮፕላን የሚመጡ ዘመዶች ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ወርደው በደሴ በኩል ወደ ሐይቅ ይወጣሉ፤ በመኪና ከአዲስ አበባ የሚመጡ ግን ከመነሣታቸው በፊት የመንገዱን ወቅታዊ ሁኔታ በቅርብ ከተጓዘ ሾፌር ይጠይቁ፣ ጉዞውንም ሳይመሽ ለመግባት በሚያስችል ሰዓት ይጀምሩ።