ዱካክ እየተጫነኝ ነው፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፣ ከጎንደር አዘዞ፦
ጤና ይስጥልኝ። ዳቦ ቤት ነው የምሠራው። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሌሊት ፈረቃ አለኝ፣ ከምሽቱ 3 እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት። ሌላውን ቀን እንደማንኛውም ሰው ቀን እገባለሁ። አሁን ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው፣ ዱካክ እየተጫነኝ በጣም ተቸግሬያለሁ። ልነቃ ስል ዓይኔ ይከፈታል፣ ጣራው ይታየኛል፣ ታናሽ ወንድሜ አጠገቤ ሲገላበጥ እሰማዋለሁ፣ ግን ጣቴን እንኳ ማንቀሳቀስ አልችልም። ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ቁጭ ያለ ይመስለኛል። ወንድሜን ልጠራው እሞክራለሁ፣ ድምፄ አይወጣም። ባለፈው ሳምንት ብቻ ሁለት ጊዜ ሆነብኝ። አሁን መተኛቱ ራሱ እያስፈራኝ መብራት ሳላጠፋ፣ ስልክ ስነካካ ይነጋል። እናቴ ጠበል ግባ ትለኛለች። የሥራ ጓደኛዬ የእንቅልፍ ኪኒን ግዛ ይላል። የደረሰበት ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ነርስ፣ ከማራኪ፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ይሄ የታወቀ ነገር ነው፣ እብደትም አይደለም። ሕልም በምናይበት ሰዓት አእምሮ ጡንቻዎቻችንን ያስራቸዋል፣ በሕልም ስንሮጥ ከአልጋ ተነስተን እንዳንሮጥ። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ሰውነት እንደታሰረ ይቆያል። ዓይንና ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ አይታሰሩም። ጣራው የታየህ ለዚህ ነው፣ የታፈንክ ቢመስልህም ትንፋሽህ አልቆመም። አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሰከንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ በራሱ ይለቃል።

እኔ የጠረጠርኩት ፈረቃህን ነው። እንቅልፍ ያነሰውና የመኝታ ሰዓቱ የተዘበራረቀ ሰው ላይ ይበዛል፣ በጀርባ ለሚተኛም እንደዚያው። አለቃህን ለምነውና ሦስቱን ሌሊት ተከታታይ ያድርግልህ። ጠዋት ስትገባ መስኮቱን በወፍራም ጋቢ ሸፍነህ ተኛ፣ በጎንህ። ሲመጣብህ አትታገለው። በቀስታ ተንፍስና የእግርህን አውራ ጣት ወይም ምላስህን ብቻ ለማንቀሳቀስ ሞክር። ኪኒኑን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳትነካው።

ባጃጅ ነጂ፣ ከፒያሳ፦
ጫት ትቅማለህ እንዴ ወንድም? እኔ ያቆምኩ ሰሞን ነው የጀመረኝ፣ በየሌሊቱ ነበር፣ ቆይቶ ግን ለቀቀኝ። ሌላም ነገር ልንገርህ። ወንድምህን ታንኮራፋለህ ወይ ብለህ ጠይቀው። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ሲያንኮራፋ ግድግዳ ያልፋል። እኛ የድካም ይመስለን ነበር። አንድ ሌሊት አጠገቡ ተኝቼ ሳዳምጠው ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ አለ፣ ትንፋሽ የለም፣ ቆጠርኩ፣ ከዚያ እንደሚሰጥም ሰው ተንደፋድፎ አየር ሳበ። ይሄ በየጥቂት ደቂቃው ይደጋገማል። ለካ ጠዋት ራሱን የሚያመው፣ ወደ መተማ ሲነዳ ቀን በቀን የሚያንቀላፋው፣ ግፊቱም አልወርድ ያለው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በስልክ ቀድቼ ሐኪሙ ጋ ይዤው ሄድኩ፣ ድምፁን ሲሰማ ወዲያው ገባው። ኪሎ ቀንስ፣ በጎንህ ተኛ፣ ማታ መጠጥ ተው አለው። ለጠናበት ሰው ደግሞ ሌሊት ሲተኛ ፊት ላይ የሚደረግ አየር የሚገፋ መሣሪያም አለ። እንደዚህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ መሪ አታስይዙት፣ እባካችሁ።

እናት፣ ከቁስቋም፦
ልጄ፣ ጠበሉንም ተጠመቅ፣ ሐኪሙንም አትተው፣ አይጣሉም። ብቻ ሌሊቱን ሠርተህ ሳትተኛ አትሂድ፣ ሰውነትህ መጀመሪያ ይረፍ። የእኔ ችግር እንቅልፍ ማጣት ነበር። ማታ 1 ሰዓት ላይ ከጎረቤት ጋር አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቼ እስከ ሌሊቱ 8 አፍጥጬ አድር ነበር። ልጄ ናት፣ የቡናው ግማሽ ከ5 ሰዓት በኋላም ሰውነትሽ ውስጥ አለ ያለችኝ። ከምሳ በኋላ መጠጣት ተውኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ተኝቼ ካልመጣ እነሳና ደብዘዝ ባለ መብራት ጥጤን እፈትላለሁ፣ ሰዓት አላይም። ሲከብደኝ እመለሳለሁ። ቀን ደግሞ ጋደም ማለት ተውኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፣ ቻለው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ ሁላችሁንም። ጫት አልቅምም። ቡና ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሊጡ ሲነሳ ሁለት ስኒ እጠጣለሁ። የምተኛውም በጀርባዬ ነው፣ ፍራሹ መሐሉ ጎድጉዷል። ወንድሜ አታንኮራፋም ብሎኛል። ሐኪም ጋ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ነርስ፣ ከማራኪ፦
ቀን ላይ እያወራህ ወይ እየበላህ እንቅልፍ ከጣለህ፣ ስትስቅ ወይም ስትደነግጥ ጉልበትህ ከከዳህ ሳትውል ሳታድር ሂድ፣ እሱ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። ፍርሃቱ እንቅልፍ መከልከሉን ከቀጠለ፣ ወይም ሁሉ ነገር ካስጠላህም እንደዚያው። ከጤና ጣቢያ ጀምር፣ ካስፈለገ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ይልኩሃል። ሁለት ሳምንት የተኛህበትንና የነቃህበትን ሰዓት ጽፈህ ብትይዝ ለሐኪሙ ሥራ ያቀልለታል። ቡናውን ደግሞ ወደ ምሽቱ 4 ሰዓት አምጣው።

ጠያቂ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ፦
አለቃዬ ሦስቱን ሌሊት አገጣጠመልኝ። ፍራሹን ገለበጥነው፣ ከጀርባዬ ትራስ አስደግፌ በጎኔ ነው የምተኛው። በሦስት ሳምንት አንዴ ብቻ መጣብኝ። ምላሴን ለማንቀሳቀስ ስሞክር ቆየሁ፣ ከዚያ ለቀቀኝ። መብራቱን አጥፍቼ መተኛት ጀምሬያለሁ።