የቤት ኪራይን ማን ይወስን? መንግሥት ወይስ ገበያው?

የጀሞው፦ ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ እንግዳ «ቤት ሸቀጥ አይደለም፤ ስለዚህ ዋጋው ለገበያ ሊተው አይገባም» ሲሉ ሰምቼ ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ቢያንስ ለ2 ዓመት እንዲሆን፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ እንዲደረግ ደንግጓል። ይህ ሁሉ ድንጋጌ ግን ለአዲስ አበባ አንዲት ክፍል እንኳ አልጨመረላትም። ቤት በጠፋበት ከተማ ኪራይን ማሰር ቀድሞ የገባውን ጠቅሞ ነገ ቤት ፍለጋ የሚወጣውን ደጅ ማስቀረት ነው።

የሰሚት ተከራይ፦ ወንድሜ፣ እንግዳው ያሉት ትክክል ነው። ቲማቲም ቢወደድብኝ ሳልገዛ እውላለሁ፤ ኪራይ ቢወደድብኝ ግን ልጆቼን ይዤ የት አድራለሁ? አዋጁ ሳይወጣ አከራይ ወር ሲሞላ በር አንኳኩቶ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ጨምሪ፣ ካልሆነ ልቀቂ» ሲል አቤት የሚባልበት ቦታ አልነበረም። ልጅ ትምህርት ቤት አስገብቶ በዓመቱ አጋማሽ ዕቃ መጫን ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

የጀሞው፦ እህቴ፣ ችግርሽ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ከዚህ በፊት ተሞክሯል። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ የኪራይ ተመንም ሲቀንስ፣ መነሻው ይኸው «ቤት ሸቀጥ አይደለም» የሚል እምነት ነበር። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው በመደረጉ ለማከራየት ብሎ የሚሠራ ግለሰብ ጠፋ፤ የቀበሌ ቤቶች ኪራይም ለጥገና የማይበቃ ሆኖ ጭቃው ረገፈ፣ ቆርቆሮው ዛገ።

የልደታ ልጅ፦ ያደግሁት እርስዎ በሚንቁት የቀበሌ ቤት ነው። ክረምት ሲገባ ጣሪያው ስለሚያፈስ ባልዲና ሳፋ ደርድረን እናድር ነበር፤ ቢሆንም እናቴ በጉልት ገቢዋ ያንን ኪራይ እየከፈለች ሁላችንንም አስተምራለች። ገበያው ቢወስን ኖሮ መሀል ከተማ ለመኖር አቅም አልነበራትም። «ቤት ሸቀጥ አይደለም» ማለት ለእኛ መፈክር አይደለም፣ የኖርንበት ነው።

አንድ አከራይ፦ እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ኑሮዬን የምደጉመው በጓሮዬ ባሠራኋቸው ሁለት ሰርቪስ ቤቶች ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 መንግሥት የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብሎኑም፣ የቧንቧ ዕቃውም፣ መድኃኒቴም አብሮ ወጣ። ዶላሩን ገበያው ይወስነው ብሎ የለቀቀ መንግሥት የእኔን ሁለት ክፍል ራሱ የሚወስንበት ምክንያት አይገባኝም። ቤት ሸቀጥ ካልሆነ ቤት የሚሠራበት ሲሚንቶ ለምን ሸቀጥ ሆነ?

የሰሚት ተከራይ፦ አባቴ፣ ያ የብር መውደቅ እኔንም አልማረኝም። የእኔን ደመወዝ ማን ከዶላሩ ጋር አብሮ አሳደገው? ሕጉስ ቢሆን መቼ ተከበረልን? ክፍያ በባንክ ይሁን፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር አይለፍ ተብሎ ሳለ፣ የእኔ አከራይ ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ቁጥር አስጽፎ ልዩነቱን በየወሩ በእጁ ይቀበለኛል። ብከሰው በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ እንደሚያስወጣኝ አውቃለሁ።

የጀሞው፦ ያልኩትም ይህንኑ ነው! ዋጋው በአዋጅ ቢታሰርም ጎዶሎው ስላልተሞላ ልዩነቱ በእጅ ይከፈላል፤ የሚከፍለውም አንቺው ነሽ። አከራዮች ቢበዙ ኖሮ ይህን ሰው ትተሽው ትሄጂ ነበር።

የኢኮኖሚክስ መምህር፦ ሁላችሁም መሬቱን ዘለላችሁት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንጂ የሚሸጥ የሚለወጥ አይደለም፤ በከተማም ቦታ የሚገኘው በሊዝ ነው። ጨረታ መቼ እንደሚወጣና ስንት ቦታ እንደሚቀርብ የሚወስነው አስተዳደሩ ነው። ዋናው ግብዓት በአንድ እጅ በተያዘበት ሁኔታ «ገበያው ይወስን» ማለት ተከራይዋን ብቻ ለገበያ ማጋለጥ ይሆናል። መጀመሪያ የቦታ አቅርቦቱ ይስፋ፣ ከዚያ ስለ ኪራይ ነፃነት እንነጋገር።

የጀሞው፦ መምህር፣ በቦታው ጉዳይ እስማማለሁ፤ በቅደም ተከተሉ ግን አልስማማም። ቦታው በሰፊው እስኪቀርብ ድረስ ኪራዩ ታስሮ ከቆየ፣ ቦታ ያገኘው ሰው ለማከራየት ብሎ ገንዘቡን የሚያፈስበት ምክንያት አይኖረውም።

የልደታ ልጅ፦ ቦታው እስኪቀርብ፣ ቤቱም ተሠርቶ እስኪያልቅ ባሉት ዓመታት እንደ እናቴ ያለች ሴት የት ትደር ነው የምትሉት? ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ አንዳችሁም አልመለሳችሁልኝም።

አንድ አከራይ፦ ልጄ፣ እናትህን መደጎም የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ከግብሩ ሰብስቦ ይደጉማት። ያንን ዕዳ ከአንድ ጡረተኛ ኪስ ማውጣት ግን ድጎማ አይባልም።

የሰሚት ተከራይ፦ ድጎማው ከመንግሥት እስኪመጣ ድረስ 2 ዓመቴን አትንኩብኝ።