የዲጂታል ቆጣሪ የፍጆታ ንባብ አልፈታ አለኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ የምታውቁ ብትረዱኝ። በአንድ ዳቦ ቤት ያለውን የሦስት ፌዝ ዲጂታል የመብራት ቆጣሪ በአርኤስ 485 የመረጃ ገመድ፣ በሞድባስ (መሣሪያዎች መረጃ በሚለዋወጡበት ደንብ) ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቻለሁ። ቮልቴጁ በትክክል ይነበባል፤ ባለ 16 ቢት ሬጅስተሮቹ (ቆጣሪው ቁጥር የሚያስቀምጥባቸው ቦታዎች) 17244 እና 0 ሲሆኑ፣ እንደ ባለ 32 ቢት ፍሎት (የአስርዮሽ ነጥብ ያለው ቁጥር አጻጻፍ) ሳጣምራቸው 220 ቮልት ይሆናሉ።

ያስጨነቀኝ ፍጆታው ነው። ስክሪኑ 4812.60 ኪሎዋት ሰዓት ሲያሳይ ሬጅስተሮቹ 7 እና 22508 ይላሉ። እንደ ፍሎት ስፈታቸው ከዜሮ የማይለይ ቁጥር ይወጣል፤ ቅደም ተከተላቸውን ስቀይር ደግሞ ጭራሽ የማይታመን ግዙፍ ቁጥር። እንደ ሙሉ ቁጥር ወስጄ 7ን በ65536 አባዝቼ 22508 ስደምርበት ግን 481260 አገኘሁ። ይህ ለ100 ሲካፈል ከስክሪኑ ጋር ይገጥማል!

መመሪያው ስለ አካፋዩ አንድም ቃል የለውም። 100 ቋሚ ነው ወይስ ፍጆታው ሲጨምር የነጥቡ ቦታ ይቀየራል? ዳቦ ቤቱ 200 ለ5 የሆነ የካረንት ትራንስፎርመር (200 አምፔርን ወደ 5 አምፔር ቀንሶ ለቆጣሪው የሚሰጥ) ስላለው፣ በ40 የማባዛው እኔ ነኝ ወይስ ቆጣሪው አስቀድሞ አባዝቶታል? የመብራት ወጪው ለየምድጃው የሚከፋፈለው በዚህ ቁጥር ነውና በግምት መቀጠል አልፈልግም። የወሩን ሂሳብ ሳልጠብቅ፣ ኃይሉ በሚታወቅ አንድ ምድጃ ማረጋገጥ የምችልበትን መንገድ የሠራችሁበት ብታሳዩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።