የጥርስ ኢንሹራንስ እድር ነው ወይስ ኩፖን?

የቡድኑ አስተባባሪ፦
ሰላም የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ልጆች። ኦፕን ኢንሮልመንት (የአመቱ የኢንሹራንስ መምረጫ ወቅት) ስለደረሰ ኢንቦክሴ በአንድ ጥያቄ ተጥለቅልቋል፣ "የጥርሱን ልግዛ ወይስ ልተወው?" የዚህ ሳምንት ክርክር እሱ ይሁን። ጥያቄው ሁለት ነው ግን የሚነጣጠል አልመሰለኝም። በየወሩ የምንከፍለው የጥርስ ኢንሹራንስ ያዋጣል ወይ? ለመሆኑስ ጥርስ ከሌላው ሰውነታችን ተነጥሎ ለብቻው ኢንሹራንስ የሚሸጥለት ለምንድነው፣ መንግስት በሜዲኬር (የአረጋውያኑ) እና በሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው) ሊከፍል ይገባል ወይ? ስድብ የለም፣ የሀኪም ስም መጥራት የለም፣ የክሊኒክ ማስታወቂያ የለጠፈ ይወጣል።

ሹፌሩ (አሌክሳንድሪያ)፦
የተቃጠልኩት እኔ ነኝና እኔ ልጀምር። ኡበር ነው የምነዳው፣ አሰሪ ስለሌለኝ ራሴ ነኝ የገዛሁት፣ በወር 38 ዶላር ሶስት አመት ሙሉ ሳላቋርጥ ከፈልኩ አንድም ቀን ሳልሄድበት። ባለፈው ዲሴምበር መጀመሪያ መንጋጋዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዝረኝ አደረ፣ ሄድኩ፣ ሩት ካናል (የጥርሱን ስር ማከም) 1200፣ ክራውን (ላዩ ላይ የሚገጠመው ሽፋን) 1400፣ በድምሩ 2600 አሉኝ። ኢንሹራንስ አለኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ካርዴን ሰጠሁ። ከፈሉ፣ ስንት? 1000። ምነው ስል የአመቱ ማክሲመምህ፣ ማለት በአመት የሚከፍሉልህ ጣሪያ፣ ሞልቷል አሉኝ። 1600 ከኪሴ። በሉ ደምሩልኝ፣ 38 በ36 ወር 1368 ነው፣ ሲደመር 1600፣ 2968! ምንም ባይኖረኝ 2600 ከፍዬ እገላገል ነበር። ኢንሹራንስ ስላለኝ 368 ዶላር ተቀጣሁ ማለት ነው። ላም አለኝ በሰማይ ይሉሃል ይሄ ነው። እድር እኮ ጉንፋን ያዘህ ብሎ አይከፍልህም፣ ሰው ሲሞትብህ ግን ድንኳኑን ይተክልልሃል። እነዚህ ለጉንፋኑ ይከፍሉና ለቅሶው ሲመጣ ማክሲመም ሞላ ብለው ድንኳኑን ነቅለው ይሄዳሉ።

ነፃ ገበያ (ማናሳስ)፦
የእድሩ ነገር ተመቸኝ ሃሃ። ነጥቡም እሱ ነው፣ ኢንሹራንስ የሚባለው ይመጣል አይመጣም ለማታውቀው ትልቅ ነገር ነው፣ ቤት ቃጠሎ፣ የመኪና አደጋ። ክሊኒንግ በአመት ሁለቴ እንደሚመጣ እያወቅክ በየወሩ ለሌላ ሰው የምታስይዘው ብር ምኑ ነው ኢንሹራንስ? እኔና ሚስቴ ከተውነው ቆየን፣ በወር 80 ዶላር ለብቻው አካውንት እናስገባለን፣ የጥርስ ዕቁብ ነው የምንለው ዳኛዋ እሷ ናት። በስራህ በኩል ኤፍኤስኤ (ለህክምና ወጪ የሚቀመጥ አካውንት) ያለህ ደግሞ ከታክስ በፊት ተቆርጦ ለጥርስ ልታውለው ትችላለህ። ማንም ማክሲመም ሞላ አይለኝም።

ቤቲ (ፍሮንት ዴስክ)፦
ሹፌሩ ወንድሜ ድምርህ ልክ ነው፣ ግን የጎደለ ነገር አለው። እኔ የጥርስ ክሊኒክ ፍሮንት ዴስክ ነው የምሰራው፣ ቀኑን ሙሉ ከኢንሹራንሶች ጋር ስልክ ላይ ስጨቃጨቅ ነው የምውለው፣ ለነሱ ጥብቅና ልቆም አይደለም። ሶስት አመት አንድ ቀን አልሄድኩም አልክ። አብዛኛው ፒፒኦ (ከሀኪሞች ጋር ዋጋ የተዋዋለ ፕላን) 100-80-50 ነው፣ ክሊኒንግ ቼክአፕና ኤክስሬይ 100 ፐርሰንት፣ ማስሞላትና ማስነቀል 80፣ ክራውን፣ ብሪጅና ዴንቸር (ሰው ሰራሽ ጥርስ) 50፣ ሩት ካናል እንደ ፕላኑ ወይ 80 ወይ 50 ውስጥ ይገባል። ስድስት ክሊኒንግ ነበረህ ስድስቱንም ጣልካቸው፣ ያ መንጋጋ መቦርቦር ሲጀምር በኤክስሬይ ታይቶ በትንሽ ፊሊንግ ያልቅ ነበር። እና አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ የሄድክበት ሀኪም ኢን ኔትወርክ ነበር?

ሹፌሩ (አሌክሳንድሪያ)፦
ሀበሻ ነው በቃ። በአማርኛ ያስረዳኛል ብዬ። ኢንሹራንስህን እንቀበላለን ብለውኛል።

ቤቲ (ፍሮንት ዴስክ)፦
ይኸውልህ! "እንቀበላለን" እና "ኢን ኔትወርክ ነን" አንድ አይደለም። እንቀበላለን ማለት ወረቀቱን ሞልተን እንልክልሃለን የሚከፍሉትን ይከፍላሉ ቀሪው ያንተ ነው ማለት ነው። ኢን ኔትወርክ ማለት ግን ሀኪሙ ከኢንሹራንሱ ጋር የፈረመው ዋጋ አለ፣ ለሚሸፈን ስራ ከዛ በላይ ሊያስከፍልህ አይችልም። አንተ 2600 የከፈልከው እዛ 1700 ወይ 1800 ሊሆን ይችል ነበር፣ ማክሲመሙ ከሞላ በኋላም ብዙ ፕላን ላይ በዛው በተዋዋሉበት ዋጋ ነው የምትቀጥለው። ሰው ስንት ፐርሰንት ይከፍላል ብሎ ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ ከስንት ላይ የሚለውን ማንም አይጠይቅም። የማክሲመሙ ነገር ያናድዳል፣ እኔም ያናድደኛል፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ 1000 እና 1500 ላይ ተቸክሎ የቀረ ቁጥር ነው፣ የዛን ጊዜ 1000 ዶላር ደግሞ በዛሬ ዋጋ ከ5000 በላይ ነው። ግን ሀኪምህ ይቆያል ካለህ ሩት ካናሉን ዲሴምበር ክራውኑን ጃንዋሪ አሰርተህ የሁለት አመት ማክሲመም መጠቀም ትችል ነበር። ለወራት ግን አይባልም፣ ክራውን ያልገባለት መንጋጋ ቆሎ ላይ ይሰነጠቃል።

ነፃ ገበያ (ማናሳስ)፦
ስለዚህ ኩፖን ነው እያልሽ ነው። የቅናሽ ካርድ።

ቤቲ (ፍሮንት ዴስክ)፦
አዎ ኩፖን ነው፣ እኔም የምለው እሱን ነው፣ ኩፖን መሆኑን አውቀህ ግዛው። በስራው በኩል በወር 12 እና 15 ዶላር የሚያገኝ ሰው ባይገዛ ይገርመኛል፣ ሁለቱ ክሊኒንግ ብቻ ይመልስለታል። እንደ ሹፌሩ ለብቻው የሚገዛ ሰው ግን ወረቀቱን ያንብብ። ዌይቲንግ ፔሬድ አለ፣ ለክራውን ምናምን 12 ወር ይጠብቁሃል፣ ዛሬ አሞህ ዛሬ ብትገዛ ዋጋ የለውም። ለመንጋጋ ነጩን ፊሊንግ ሞልተህ በብርማው ዋጋ የሚያስቡልህ አሉ። እኛን ሀበሾችን በጣም የሚጎዳው ደግሞ ሚሲንግ ቱዝ ክሎዝ የሚሉት ነው፣ ኢንሹራንሱ ሳይጀምር የወለቀ ጥርስ ካለህ ለመተኪያው አይከፍሉም። አገር ቤት ጥርስ አመመኝ ሲባል መድሀኒቱ መንቀል ነበር፣ ስንቶቻችን ነን መንጋጋችንን እዛው ጥለን የመጣነው? ትልቅ ስራ ካለባችሁ ሳትጀምሩ ፕሪ ትሪትመንት ኤስቲሜት ላኩልኝ በሉ፣ እነሱ ስንት እናንተ ስንት እንደምትከፍሉ በፅሁፍ ይመጣል።

የሶስት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ዕቁብ፣ ኩፖን ትላላችሁ፣ የሞላለት ሰው ወሬ ነው። ሜሪላንድ የምትኖሩ ዲያሞንቴ ድራይቨርን ታስታውሳላችሁ? ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ 2007 ፌብሯሪ፣ የ12 አመት ልጅ ነበር። የጥርሱ ኢንፌክሽን ወደ ጭንቅላቱ ወጥቶ ሁለቴ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ሞተ። የቤተሰቡ ሜዲኬይድ ተቋርጦ ነበር፣ ሜዲኬይድ የሚቀበል የጥርስ ሀኪም ማግኘትም መከራ ነበር። ጥርሱን መንቀል 80 ዶላር ነበር የሚፈጀው፣ የሆስፒታሉ ወጪ ሩብ ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ጥርስ ከሰውነት ተለይቶ ኢንሹራንስ የሚሸጥለት ነገር ነው የሚል ሰው ይሄን ልጅ ያስብ። ከሱ በኋላ ነው ሜሪላንድ የልጆቹን ፕሮግራም ያስተካከለው፣ ለአዋቂ ደግሞ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ሜዲኬይድ ጥርስ ይከፍላል። ቨርጂኒያ እንዲያውም ቀድማለች፣ ከጁላይ 2021። ሹፌሩ፣ ገቢህ ዝቅ ያለበት አመት ካለ አመልክተህ ታውቃለህ? ብዙ ሀበሻ ስላልሰማ ብቻ ጥርሱን ይዞ ይጮሀል።

ነፃ ገበያ (ማናሳስ)፦
የልጁ ነገር ልብ ይሰብራል፣ ለልጅ አልከራከርም። ግን ለአዋቂ ሰው እኔ ለምን ልክፈል፣ ቀኑን ሙሉ ኮካ እየጠጣ ለማይቦርሸው?

ጋሽ ጡረተኛ (ዲሲ)፦
ልጄ፣ እኔ ኮካ አልጠጣም። በመፋቂያ ነው ያደግኩት፣ እስከ 50 አመቴ አንድም አልተነቀለብኝም። 31 አመት ፓርኪንግ ስሰራ ከያንዳንዷ ቼክ ሜዲኬር ተቆርጧል። 65 ሲሞላኝ ጥርሴን ላሳይ ብዬ ብሄድ ሜዲኬር ጥርስ አይከፍልም አሉኝ። ህጉ በ1965 ሲወጣ ጀምሮ ነው አሉ የተተወው። ልብ ይከፍላል፣ ኩላሊት ይከፍላል፣ አይን ሞራ ይከፍላል፣ አፍ ሲደርስ ይቆማል። የልብ ቫልቭ ልትቀየር ከሆነ መጀመሪያ ጥርስህን ያይልሃል፣ ማለት ልቤ እስኪበላሽ ልጠብቅ? በ2021 ኮንግረስ ጥርስ ሊጨምሩ ነው ሲባል ደስ ብሎኝ ለቤተክርስቲያን ሰው ሁሉ አውርቼ ነበር፣ ወጪው በዛ ተብሎ ከረቂቁ አወጡት። ከዛ አንዷ ደውላ አድቫንቴጅ (በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጥ ሜዲኬር) ግባ ጥርስ ነፃ አለችኝ፣ ገባሁ። ነፃው ክሊኒንግ ነው ለካ። ዴንቸር ስል የለም። የልብ ሀኪሜም ከኔትወርክ ውጪ ሆኖ አረፈው።

ቤቲ (ፍሮንት ዴስክ)፦
ጋሼ ይቅርታ ላቋርጥዎት፣ ዴንቸሩን ሳይጨርሱት ከሆነ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ትምህርት ቤት ይሂዱ፣ እዛው ዲሲ ነው። ተማሪዎች ናቸው የሚሰሩት መምህር እያየ፣ ቀጠሮው ይረዝማል፣ ዋጋው ግን ከግል ክሊኒክ ይቀንሳል። ባልቲሞርም የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ በ1840 የተከፈተ የአለም የመጀመሪያው የጥርስ ኮሌጅ እሱ ነው። አድቫንቴጁን ደግሞ በዚህ ወቅት መቀየር ይችላሉ፣ ዲሴምበር 7 እንዳያልፍብዎት።

ጋሽ ጡረተኛ (ዲሲ)፦
እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ተማሪም ቢሆን ቁርጥ ካስበላኝ ዶክተር ነው የምለው።

የወንጂ ልጅ (ላውረል)፦
ማናሳስ ወንድሜ፣ "የማይቦርሽ" ያልከው እኔን ነካኝ። ወንጂ ተወልዶ ያደገ ሰው ጥርሱን አይተህ ታውቃለህ? የበለዘ ነው፣ ቡናማ፣ አንዳንዱማ ጫፉ ይፈረፈራል። በቀን አምስቴ ብትቦርሸው አይለቅም፣ የጠጣነው የጉድጓድ ውሀ ፍሎራይድ ነው፣ ጥርሱ ድድ ውስጥ እያለ ገና ሲሰራ ነው የሚበላሸው። ስምጥ ሸለቆ ሙሉ እንደዛ ነው፣ ዝዋይ፣ ሀዋሳ፣ መተሀራ አካባቢ ሂድ። እዚህ መጥቼ የስራ ኢንሹራንሴ ቬኒር (ጥርስ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ ሽፋን) ይከፍላል ወይ ብል "ኮስሜቲክ ነው" አሉኝ። ኮስሜቲክ! ሰርጌ ላይ እንኳ አፌን በእጄ ሸፍኜ ነው የሳቅኩት። ኢንተርቪው ላይ ሴትየዋ አይኔን ትታ አፌን ስታይ ነው የምትውለው። ጥፋቴ ምንድነው፣ ውሀ መጠጣቴ?

ነፃ ገበያ (ማናሳስ)፦
ይቅርታ ወንድሜ፣ እሱን አላሰብኩትም፣ ከልቤ ነው። ቢሆንም መንግስት ይክፈል ስንል ኮስሜቲክ ያልሆነውን የሚወስነው ደግሞ ሌላ ፀሀፊ ነው፣ ኢንሹራንሱ ያለህን ራሱን ነው የሚልህ። እኔ የማምነው ብሩ በእጄ ሲሆን ነው።

አያት (አዲስ አበባ)፦
ከዚህ ሆኜ እያነበብኳችሁ ነው፣ አልዋሽም ትንሽ ቀናሁ። እዚህ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑ በ2011 በእናንተ አቆጣጠር በ13 ወረዳ ተጀምሮ አሁን ሰፍቷል፣ ሰው ሰራሽ ጥርስ ግን አይከፍልም፣ ምክንያቱ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ለመዋቢያ ነው ይባላል፣ ከፕላስቲክ ሰርጀሪ ጋር አንድ መስመር ላይ ነው የተፃፈው። የወንጂው ልጅ አትላንቲክን ተሻግሮም ያችው ቃል ጠበቀችው። ለማንኛውም ሹፌሩ ኢምፕላንት ምናምን ከፈለግክ ወደዚህ ና፣ ዲያስፖራው ሁሉ ጥምቀትን አስታኮ እዚህ ነው የሚያሰራው።

ሹፌሩ (አሌክሳንድሪያ)፦
አስቤው ነበር፣ ጓደኛዬ አሰርቶ መጣ። ግን ብረቱን ቀብረውለት አጥንቱ እስኪይዝ ከሶስት እስከ ስድስት ወር ጠብቅ አሉት፣ ላዩን ለማስገጠም ሁለተኛ ትኬት ቆረጠ። በዱለስ ሁለት ደርሶ መልስ፣ ሳይሰሩ የቀሩት ቀናት፣ የዘመድ ስጦታ፣ ከናቱ ቤት ባዶ እጁን አይሄድ። ጥርሱ ረከሰ፣ ጉዞው በላው።

ቤቲ (ፍሮንት ዴስክ)፦
መንግስት ይክፈል አይክፈል ለሚለው አንድ ነገር ልጨምር። ማሳቹሴትስ በ2022 ህዝቡ በድምፅ ወስኗል፣ የጥርስ ኢንሹራንሶች ከሚሰበስቡት 100 ዶላር ቢያንስ 83ቱን ለህክምና ያውሉ፣ ካላዋሉ ለደንበኛው ይመልሱ ተብሎ። ለጤና ኢንሹራንስ እንዲህ ያለ ህግ ከድሮ ጀምሮ አለ፣ 80 እና 85 ነው። ለጥርስ ግን በፌዴራል ደረጃ እንዲህ ያለ ህግ የለም። እኔ መንግስት ሁሉን ይክፈል አልልም፣ ይሄን ግን ማናሳስም የሚቃወም አይመስለኝም።

ነፃ ገበያ (ማናሳስ)፦
እቃወማለሁ፣ ትንንሾቹ ኩባንያዎች ይወጡና ሁለት ትልልቅ ይቀራሉ፣ ከዛ ዋጋ ሲጨምሩ እናያለን። ግን ሂሳባቸው ይፋ ይውጣ ከሆነ እስማማለሁ።

የሶስት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ቢያንስ አንድ ነገር አገኘን ከሱ አፍ። አስተባባሪ ስክሪንሾት አንሳልን።

የቡድኑ አስተባባሪ፦
ተነስቷል ሃሃሃ። ሹፌሩ፣ በዛው ልትቀጥል ነው ልታቋርጥ?

ሹፌሩ (አሌክሳንድሪያ)፦
ቤቲ እንዳለችው አሁን ለሀኪሜ ቢሮ ደወልኩ። "ኢን ኔትወርክ ናችሁ ወይ" አልኩ። "ኢንሹራንስህን እንቀበላለን" አለችኝ። እሱን አልጠየቅኩሽም የኔ እህት ኢን ኔትወርክ ናችሁ ወይ ብዬ ደገምኩላት። አንዴ ጠብቀኝ ብላ ሆልድ ላይ አስቀመጠችኝ፣ ይኸው 20 ደቂቃ ሙዚቃ እየሰማሁ ነው።