ዲግሪ ወይስ ሙያ? ለታናሽ ወንድሜ ጥቆማ እፈልጋለሁ

ታላቅ እህት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ ቤት ተቀምጧል። ሦስት ነገር እያሰብን ነው፦ የአራት ዓመት የአካውንቲንግ ዲግሪ በክፍያ፣ የአንድ ዓመት የኤሌክትሪክ ሥልጠና፣ ወይም ቤት ሆኖ በኦንላይን ኮርስ ፕሮግራሚንግ። ከደሞዜ ቀንሼ የምከፍለው እኔ ነኝ። ዲግሪው ያወጣሁትን ይመልሳል ወይ? ትምህርት ጥሩ መሆኑን አውቃለሁ፤ እባካችሁ ሒሳቡን ንገሩኝ።

ሒሳብ ያዥ፦
እህቴ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ለኮሌጁ የሚከፍለውን ብቻ ሲቆጥር ነው። ትልቁ ወጪ ልጁ ሲማር ሳያገኘው የሚቀረው ደሞዝ ነው። ለምሳሌ አሁን ሥራ ቢገባ በዓመት 100 ያገኛል፣ የትምህርቱ ክፍያ ደግሞ በዓመት 40 ነው እንበል። በአራት ዓመት ክፍያው 160፣ የቀረበት ደሞዝ 400፣ ድምሩ 560 ይሆናል። ተመርቆ በዓመት 150 ቢያገኝ ብልጫው 50 ነው፤ ያወጣውን ለመመለስ ከ11 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ሦስተኛ ዓመት ጨርሶ ቢያቋርጥ ግን 420 ሄዷል፣ ወረቀቱም የለም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። የራስሽን ቁጥር አስገቢና እዪው።

የማታ ተማሪ፦
ማታ ይማር! እኔ ቀን እየሠራሁ ስድስት ዓመት ማታ ተምሬ ተመረቅኩ። የእኛን ኮሌጅ የሚያህል የለም፤ መምህሮቹ ስንቀር እየደወሉ ይጠይቁን ነበር።

ሒሳብ ያዥ፦
ማታው በሒሳብም ያስኬዳል። ቀን ሠርቶ 60 ቢያገኝ የሚቀርበት 40 ብቻ ነው፤ ከክፍያው ጋር በዓመት 80፣ በስድስት ዓመት 480። ከ560 ያንሳል። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ደክሞት እየገባ ማጥናት አለበት፤ እሱን አንቺ ነሽ የምታውቂው።

ተመራቂዋ፦
ስለ ክፍያ ከመነጋገራችሁ በፊት የእኔን ስሙኝ። አራት ዓመት ከፍዬ ተመረቅኩ። እናቴ ጋውን ለብሼ ስታየኝ አለቀሰች። ፈተና አልፌ ልቀጠር ስል የትምህርት ማስረጃው ይጣራ ተባለ። ኮሌጁ ዕውቅና አለው፤ እኔ የተማርኩት የትምህርት ክፍል ግን የለውም! ስንመዘገብ «በሒደት ላይ ነው» ብለውን ነበር፤ ስንመረቅም በሒደት ላይ ነበር። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። አሁን እንደገና አንደኛ ዓመት ልጀምር?

ኮደር፦
በጣም ያሳዝናል። የቱ ኮሌጅ ነው? ስሙን ጻፊውና ሰው ይጠንቀቅ።

ተመራቂዋ፦
አልጽፍም፤ ጉዳዩ ክስ ላይ ነው።

መዝገብ ቤት፦
ሬጅስትራር ቢሮ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ይህ እንዳይደገም ልንገራችሁ። ኮሌጁ ግድግዳ ላይ የሰቀለውን ፎቶ ኮፒ አትመኑ፤ ዕውቅናውን የሰጠውን መሥሪያ ቤት ራሱን ጠይቁ። ስትጠይቁም «ኮሌጁ ዕውቅና አለው?» ብላችሁ እንዳትመለሱ። የትምህርት ክፍሉ ስም፣ ደረጃው፣ ካምፓሱ፣ ቀን ወይም ማታ ወይም ርቀት መሆኑ፣ ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን፤ ሁሉም ተለይቶ ሊጻፍ ይችላል። ልጁ ሳይመረቅ ፈቃዱ የሚያበቃ ከሆነ ስለ እድሳቱ አሁኑኑ ጠይቂ።

የማታ ተማሪ፦
የእኛ ኮሌጅ እንዲህ አይሠራም።

መዝገብ ቤት፦
የማታው ፈቃድ ለብቻው አለው?

የማታ ተማሪ፦
አይቼ አላውቅም፤ ግን አምናቸዋለሁ።

ኮደር፦
ለምን ዲግሪ? የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ እኮ የትምህርት ማቴሪያሉን በነፃ እንደሚለቅ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። እኔ በኦንላይን ኮርስ ተምሬ እየሠራሁ ነው። ላፕቶፕ ብቻ ግዢለት፤ ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ከ16 ጊጋባይት አይነስ።

ፍትሕ፦
ችግሩ ክፍያው ራሱ ነው። ጀርመን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የቀሩትን የመጨረሻዎቹን አጠቃላይ የትምህርት ክፍያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 አስቀርታለች። እንግሊዝ ግን በ1998 በዓመት 1,000 ፓውንድ ብላ ጀምራ በ2012 ጣሪያውን 9,000 አደረሰችው። አውስትራሊያ ከ1989 ጀምሮ ተማሪው ገቢው የተወሰነ መጠን ሲያልፍ በግብር በኩል እንዲከፍል አድርጋለች። ይሄ ነው ፍትሐዊው!

ኮደር፦
የላፕቶፑ ማከማቻ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዓይነት) መሆኑንም አረጋግጪ።

ቁም ነገር፦
ልጅቷ ወንድሟን ምን ላስተምረው ብላ ጠየቀች፤ አንዱ ላፕቶፕ ይመርጥላታል፣ ሌላው አውስትራሊያ ይወስዳታል። ጥያቄውን ያነበበ አለ?

ሒሳብ ያዥ፦
ወደ ጥያቄው ልመለስ። ማይክል ስፔንስ የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ ቀጣሪ የሰውን ችሎታ አስቀድሞ ማየት ስለማይችል ዲግሪን እንደ ምልክት እንደሚያየው አስረድቷል። በ2001 ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ኮደር ሥራውን ሠርቶ ማሳየት ስለሚችል ምልክቱ ባይኖረውም ያልፋል። የማላውቀውን ሰው ሒሳብ ክፍል ለማስገባት ግን እኔም ብሆን ወረቀቱን እጠይቃለሁ። አካውንቲንግ ላይ ሌላም መንገድ አለ፦ ኤሲሲኤ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ ያለ ዲግሪ መጀመር ይቻላል። 13 ፈተና አለው፤ የፈተናው ክፍያ በየፈተናው ስለሆነ ገንዘብ ሲጠፋ ፈተናውን ቆም አድርጎ መቀጠል ያስችላል፤ ዓመታዊው የምዝገባ ክፍያ ግን አይቀርም። ተዛማጅ ዲግሪ ያለው ሰው እስከ 9 ፈተና ሊቀርለት ይችላል። ሕክምና ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልልሽም ነበር፤ እዚያ ያለ ዲግሪ በሩ አይከፈትም።

ሽቦ፦
ልጄ፣ እኔ ኤሌክትሪሽያን ነኝ፤ 30 ዓመት ሠርቼበት ልጆቼን አሳድጌበታለሁ። ስዊዘርላንድ ከወጣቶቹ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት የሙያ ትምህርት ነው የሚገቡት፤ አብዛኞቹም ሳምንቱን ለትምህርት ቤትና ለድርጅት ከፍለው፣ እየተከፈላቸው ይማራሉ። ሥልጠና ስትመርጪ ስለ ሕንፃው ሳይሆን ልጁ በሳምንት ስንት ሰዓት መሣሪያ እንደሚይዝ ጠይቂ። ስንት ሆነው አንድ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ላይ እንደሚሠሩም እዪ። አልደብቅሽም፣ አሁን መሰላል ስወጣ ጉልበቴ ያመኛል፤ ዕድሜው 50 ሲያልፍ ምን እንደሚሠራ ከአሁኑ ያስብ።

ታላቅ እህት፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ከወንድሜ ጋር ቁጥሩን አስገብተን አሰላነው። የቀረበት ደሞዝ ከክፍያው እንደሚበልጥ ሲያይ ዝም አለ። ሰኞ ፈቃድ ጠይቄ ዕውቅናውን ላጣራ እሄዳለሁ።

ኮደር፦
ላፕቶፑንስ?

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ የእኔ ጥያቄ ለተመራቂዋ ነው። እኛም ሦስተኛ ዓመት ላይ «በሒደት ላይ ነው» እየተባልን ነው። ምን እናድርግ?

ተመራቂዋ፦
ውዴ፣ ቀጣዩን ክፍያ ከመክፈልሽ በፊት መልሱን በጽሑፍ ጠይቂ፤ በቃል የሚሉሽን አትቀበዪ። ብቻሽን አትሂጂ፤ ከክፍልሽ ልጆች ጋር ፈርማችሁ አስገቡ፤ የገባበትን ቀንና ማኅተም በኮፒው ላይ አስመቱ። ደረሰኞችሽን ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ሰብስቢ። እኔ የሁለት ሴሚስተር ደረሰኝ ጥዬ አሁን እሱን ፍለጋ እየተንከራተትኩ ነው።